ነፋስ፣ ታንኳና መንጠቆ
በትልቅ ሐይቅ ላይ በነፋሻ ቀን ዓሣ ስለ ማጥመድ በጥሊሊ የቀረበ ንግግር



ከጥሊሊ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ መንገደኛ ከመንገዱ ዳር ብዙም ሳይርቅ የዘንገናን ሐይቅ ያገኛል። ዘንገና በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ክብ ሊባል የሚችል፣ ወርዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ገደማ የሚደርስ ሐይቅ ነው። በዚያው አገር በስተጎረቤት፣ በሰከላ ተራሮች ላይ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ ይፈልቃል። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ቁልቁል ወርዶ ጣና ይገባል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር፣ እጅግ ጠለቀ የሚባለውም ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ ሁለት ሐይቆች፣ አንዱ ጠባብና ጥልቅ፣ ሌላው ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ በአንድ ነፋስ ሲመቱ የሚያሳዩት ጠባይ ፍጹም የተለያየ ነው። የዛሬው ንግግር መነሻም ይኸው ልዩነት ነው።

የንግግሩ ርእስ ከታንኳ ወይም ከጀልባ ኋላ መንጠቆን እየጎተቱ ዓሣ ስለ ማጥመድ ነው። ይህ አጠማመድ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በኒው ዚላንድ ትልልቅ ሐይቆች፣ በተለይም ትራውት የተባለውን ዓሣ ለመያዝ፣ እጅግ የታወቀ ነው። ትራውት ቀዝቃዛ ውኃ የሚወድ ዓሣ ስለሆነ በጣና አይኖርም። በኢትዮጵያ የሚገኘው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉት የባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ነው። ይሁን እንጂ ጣና ለትራውት አዳኞች የማያንስ የራሱ ሀብት አለው። የሐይቁ ሰዎች በአጠቃላይ ነጭ ዓሣ የሚሏቸው ትልልቆቹ የባርበስ ዓሦች 15 ዝርያዎች ሆነው በሳይንስ ተለይተዋል። ከነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። አዳኝ ዓሣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ይከተላል፤ የጉተታ አጠማመድም የተመሠረተው በዚህ ጠባይ ላይ ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። አጥማጁ ከ30 እስከ 50 ሜትር የሚሆን ክር ይለቅቃል። በክሩ ጫፍ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ብልጭልጭ ብረት ወይም እንጨት ከመንጠቆ ጋር ይታሠራል። ከእርሱም ከፍ ብሎ ማስጠሚያ እርሳስ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ታንኳው በሰዓት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ሰው ቀስ ብሎ በሚራመድበት ፍጥነት፣ መጓዝ አለበት። አሠራሩ በሙሉ የሚደገፈው በዚህች ቁጥር ላይ ነው። ከዚህ ያነሰ ፍጥነት ሐሰተኛውን ዓሣ ሕይወት ያሳጣዋል፤ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት ደግሞ መንጠቆውን ወደ ላይ ያነሣዋል።

መንጠቆው ወደ ላይ የሚነሣበት ምክንያት ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ውኃ በሚጎተት ነገር ላይ የሚያሳድረው ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ለምሳሌ ያህል በተወሰነ ዝግ ያለ ፍጥነት የውኃው ግፊት የማስጠሚያው ክብደት ሩብ ቢሆን፣ ክሩ ራሱ የሚያመጣው ግፊት ካልተቆጠረ፣ ከውኃ በታች ያለው ክር ከቀጥታ ቁልቁል 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነብላል። የክሩ ርዝመት 6 ሜትር ከሆነ እርሳሱ 5.8 ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ሆኖ ከክብደቱ ጋር ይተካከላል። ክሩም 45 ዲግሪ አዘንብሎ እርሳሱ ወደ 4.2 ሜትር ይወጣል። የክሩ የራሱ ግፊት ሲጨመር ደግሞ መውጣቱ ከዚህም ይብሳል። ጥልቀቱ በአማካይ 9 ሜትር በማይሞላ ሐይቅ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ማጣት ዓሣው ካለበት ደረጃ ወደሌለበት ደረጃ መዛወር ማለት ነው።

እንግዲህ ጸጥ ባለ ቀን ይህን ፍጥነት መጠበቅ የቀዛፊው ድርሻ ነው። ነፋስ ሲነሣ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ቀዛፊው ሳይሆን ነፋሱ ይሆናል። በነፋሻ ቀን የሚደርሰው ችግር፣ የዓሣ መጥፋትም ሆነ የሰው መጥፋት፣ የሚመነጨው ፍጥነቱን መቆጣጠር ካለመቻል ነው።

ነፋሱ በውኃው ላይ የሚሠራው ሥራ የሚለካው በኃይሉ ብቻ አይደለም። ሳይቋረጥ በውኃው ላይ የሚሮጥበት ርቀት፣ ማለትም የነፋሱ መንደርደሪያ፣ እኩል ድርሻ አለው። በሰኮንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዘንገና 1 ኪሎ ሜትር መንደርደሪያ ላይ የሚያነሣው ማዕበል፣ በተለመደው የማዕበል ስሌት መሠረት፣ ከፍታው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይኸው ነፋስ በጣና ላይ 60 ኪሎ ሜትር ሲንደረደር፣ የሐይቁ ጥልቀት ማነስ ማዕበሉን እየገደበውም እንኳ፣ የማዕበሉ ከፍታ 1 ሜትር ይደርሳል። ማዕበሉም በየአራት ሴኮንዱ ገደማ ይመላለሳል። በትንሽ ሐይቅ ዳር አድጎ ነፋስን የለመደ ሰው በትልቅ ሐይቅ ላይ የሚታለለው ስለዚህ ነው። ፊቱን የሚመታው ነፋስ ያው ነው፤ ከታንኳው በታች ያለው ውኃ ግን ሌላ ነው።

የጣና ታንኳ ከደንገል ተጠፍሮ የሚሠራ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ሳንቃ የሚንሳፈፍ፣ በነገደ ወይጦ ባለሙያዎች እጅ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ የምህንድስና ሥራ ነው። ክብደቱ ትንሽ፣ ወጪው አነስተኛ፣ ቢገለበጥም የማይሰጥም ነው። ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚያው ከጥቅሙ ነው። ወደ ውኃው ጠልቆ የሚይዘው አካል ስለሌለው ነፋሱ በቀላሉ ይነዳዋል። ደንገሉም እየቆየ ውኃ ስለሚጠጣ ይከብዳል፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

አሁን ኃይሉን በቁጥር እንመልከት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው ማለት ይቻላል። ታንኳውና የተቀመጠው ሰው በአንድነት 1 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ለነፋስ ያጋልጣሉ እንበል። በሰኮንድ 7 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን ገጽ 25 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። አንድ ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይደክም ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት 75 ዋት ያህል ነው። መቅዘፊያው ከዚህ ሁለት ሦስተኛውን ወደ ጉዞ ቢለውጥ፣ በሰኮንድ 1 ሜትር ለሚጓዝ ታንኳ 50 ኒውተን ይገኛል።

ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ በዚህ ፍጥነት ለመመለስ የሚሞክር ቀዛፊ የራሱም ጉዞ ስለሚጨመር 8 ሜትር በሴኮንድ የሚሆን ነፋስ ይገጥመዋል። ኃይሉም 32 ኒውተን ይሆናል። ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ነፋሱ ወሰደው ማለት ነው። የቀረው ለውኃው ግጭትና ለማዕበሉ ነው። ነፋሱ ወደ 10 ሜትር ከፍ ሲል ደግሞ የሚገጥመው ኃይል 60 ኒውተን ይሆናል። ይህም ቀዛፊው ካለው ጠቅላላ ኃይል ይበልጣል። ከዚህ በኋላ ብርታትም ሆነ ልምድ ሒሳቡን አይለውጠውም። በጣና ላይ በነፋስ ተወስዶ ስለ ቀረ ሰው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው «እንዲያ ጎበዝ ቀዛፊ ሆኖ ሳለ» የሚለው ቃል ነው። ጉብዝናው እውነት ነው፤ ነገር ግን 50 ከ60 ያንሳል።

ለዚህ ችግር ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ ሞተር ነው። በጣና ላይ ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በኔዘርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ርዳታ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የግብርና ሚኒስቴር በተሳተፉበት ፕሮግራም፣ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገብቷል። ሞተር ሰውን ከማዕበል ፊት አውጥቶ በሰዓቱ ወደ ወደብ ማድረሱ የማይካድ ጥቅም ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ከፍታው ነፋሱን እንደሚያቀልለው ሁሉ ሞተሩንም ያደክመዋል። በባሕር ዳርቻ 10 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ ሞተር በጣና ላይ 8 ያህል ቢሰጥ ነው። ውኃውን ግን ከፍታ አያቀልለውም። ሁለተኛ፣ ሞተር በዝግታ ቢሠራም ለጉተታ ከሚፈለገው ፍጥነት በላይ የመሄድ ዝንባሌ አለው። ትራውት የሚያጠምዱ ሰዎች በውድ ጀልባቸው ኋላ የሸራ ከረጢት እየጎተቱ ጀልባቸውን የሚያዘገዩት ስለዚህ ነው።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብም ያ ከረጢት ነው። በነፋሻ ቀን ለአጥማጁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጉልበት ሳይሆን ልጓም ነው። የአዊ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚታየው የፈረስ ትርኢት የሚያስተምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ፈረስን ፈረስ የሚያሰኘው ጉልበቱ ቢሆንም ፈረሰኛን ፈረሰኛ የሚያሰኘው ልጓም አያያዙ መሆኑን ነው።

የውኃ ልጓም ብንለው የሚስማማው ይህ መሣሪያ ከጠንካራ ሸራ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የሚሰፋ፣ አፉ በሽቦ ቀለበት የተዘረጋ፣ ጫፉ ጠብቦ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ሾጣጣ ነው። ከታንኳው በገመድ ታስሮ ወደ ውኃው ሲጣል በውኃ ይሞላል፤ ታንኳውም ሲነዳ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሒሳቡን ወደ ቀደመው ምሳሌ ብንመልሰው፣ በሰኮንድ 7 ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ ልጓም የሌለውን ታንኳ ከበስተኋላው ሲገፋው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሊነዳው ይችላል። የአፉ ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የውኃ ልጓም ሲጨመርበት ግን ፍጥነቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ይህም ቀደም ሲል ለጉተታ ተስማሚ ነው ከተባለው ፍጥነት ዝቅተኛው መሆኑ ነው። ጠላት የነበረው ነፋስ ነዳጅ የማይጠይቅ ሞተር ሆነ ማለት ነው። አጥማጁ መቅዘፊያውን ለአቅጣጫ ማስተካከያ ብቻ ይጠቀምበታል፤ እጁ ለክሩ ነፃ ይሆናል፤ መንጠቆውም በአንድ ጥልቀት ጸንቶ ይሄዳል። ነፋሱ ሲበረታ ሰፋ ያለ፣ ሲለዝብ ጠበብ ያለ ልጓም መጣል ይቻላል።

መሣሪያው በአደጋ ጊዜ የሚሰጠው አገልግሎት ከዚህ ይበልጣል። ማዕበል የሚገለብጠው ጎኑን የሰጠውን ታንኳ ነው። ልጓሙ ከታንኳው አፍንጫ ታስሮ ሲጣል አፍንጫው ሁልጊዜ ወደ ነፋሱና ወደ ማዕበሉ እንዲዞር ያደርገዋል። ቀዛፊው ቢደክም እንኳ ታንኳው ጎኑን አይሰጥም፤ የሚነዳበትም ፍጥነት ስለሚቀንስ ነፋሱ እስኪያልፍ ጊዜ ይገዛል። በክረምት መግቢያና መውጫ ነጎድጓድ የሚያስከትለው ድንገተኛ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ኃይለኛ ቢሆንም አጭር ስለሆነ፣ የተገዛችው ግማሽ ሰዓት የሰው ሕይወት ልትሆን ትችላለች።

ይሁን እንጂ ልጓም ብቻውን አይበቃም፤ የጉዞው ዕቅድም ከነፋሱ ሥርዓት ጋር መስማማት አለበት። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር እየተነዳ ሦስት ሰዓት ያጠመደ ሰው ከተነሣበት 6 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። ቤቱ ከነፋሱ በስተላይ ከሆነ ያን ርቀት የሚመለሰው ከላይ በተሰላው ትግል ነው። ስለዚህ የሐይቅ ሰዎች በልምድ የሚያውቁት ሕግ በሒሳብም ይጸናል፤ መሄጃው በጉልበት፣ መመለሻው በነፋስ ይሁን። በጣና ላይ ማለዳው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው አየሩ ይነሣል፤ ቀዝቀዝ ያለው የሐይቁ አየር ደግሞ ቦታውን ለመያዝ ወደ ዳር ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ የሚበረታው ነፋስ ምክንያቱ ይህ ነው። በማለዳ ወደ ውስጥ ቀዝፎ የወጣ ሰው ከቀትር በኋላ ይኸው ነፋስ ወደ ዳር እየገፋው፣ መንጠቆውን እየጎተተ፣ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ነፋሱ ከዳር ወደ መሐል በሚነፍስበት ቀን ግን ይህ ዕቅድ አይሠራም፤ በዚያ ቀን ከዳር አለመራቅ ነው።

የነፋስ መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰውም ያለ መለኪያ አይደለም። በውኃው ላይ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም መታየት ሲጀምር ነፋሱ በሰኮንድ 4 ወይም 5 ሜትር ገደማ ደርሷል። አረፋው ሲበዛ ከ6 እስከ 8 ሜትር ይሆናል። ለአጥማጁ የመመለሻው ደወል ይህ ነው። ሐይቁ በሙሉ እስኪነጣ የሚጠብቅ ሰው ግን 50 ከ60 ወደሚያንስበት ሒሳብ ገብቷል።

ነፋስ ከውኃው በታች ያለውንም ዓለም ይለውጣል። ጥልቅ በሆኑት የትራውት ሐይቆች ነፋስ የላይኛውን ሞቃት ውኃ ወደ አንድ ዳር ስለሚገፋ ዓሣው ቀዝቃዛውን ውኃ ተከትሎ ቦታ ይለውጣል። ጣና ግን ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ የሥሩን ደለል አንሥቶ ውኃውን ያደፈርሰዋል። በዓይኑ የሚያድን ዓሣ በደፈረሰ ውኃ መንጠቆውን አያይም። ስለዚህ ከዳር ራቅ ያለው ጠለቅ ያለ ስፍራ በነፋስ ቀን የተሻለ ነው፤ አደጋውም የሚበዛው እዚያው ነው። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጣና የታወቀው እምቦጭም በነፋስ እየተነዳ ከቦታ ቦታ ስለሚሄድ፣ ጠዋት ክፍት የነበረ መግቢያ ማታ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ክርንና ሞተርንም ይይዛል።

አንድ ሰው «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አጥማጁ በነፋስ ቀን በወንዝ አፍ ተጠግቶ መረቡን ቢዘረጋስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ አጥማጅም ያደረገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከነጭ ዓሣዎቹ በርከት ያሉት ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመሳሰሉት ወንዞች አፍ ተሰብስበው ወደ ላይ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉትን ዓመታት ዓሣ ጭምር ነው። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣ መጠን በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱ በጥናት ተረጋግጧል። ተመራማሪዎቹም እንደ ዋና ምክንያት ያመለከቱት ለእርባታ የተሰበሰበውን ዓሣ በመረብ መያዝን ነው።

እዚህ ላይ የነፋስና የዓሣ ጉዳይ ይገናኛሉ። ትንሽ ታንኳ ያለውን ሰው ወደ ተከለለው ዳርና ወደ ወንዝ አፍ የሚገፋው ሌላው ምክንያት ነፋስ ነው። በሰፊው ሐይቅ ላይ ሳይሰጉ መዋል የሚያስችል መሣሪያ ለአጥማጁ ምርጫ ይሰጠዋል። መንጠቆ ዓሣን አንድ በአንድ ስለሚይዝ እንቁላል የያዘችውን መልቀቅ፣ ያደገውን ማስቀረት ይቻላል። እርግጥ ነው፤ መንጠቆ ለገበያ የሚበቃ ዓሣ በማቅረብ መረብን አይተካም። አጥማጁም ቤተሰቡን የሚመግብ ሰው ስለሆነ ገቢው ሳይታሰብለት «መረብህን ተው» ሊባል አይገባም። ነገር ግን ወንዝ አፍ ሊዘጋ በሚገባው ወራት ባዶ እጁን ከመቀመጥ ወይም ሕግ ከመጣስ ሌላ መንገድ እንዲኖረው ያደርጋል።

ይህ ጉዳይ ለምህንድስና ሙያ የሚተወው ሥራ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ልዩ ልዩ ስፋት ያላቸው የውኃ ልጓሞች ከአገር ውስጥ ሸራና ገመድ ተሠርተው በደንገል ታንኳ ላይ በእውነተኛ ነፋስ መለካት አለባቸው። እዚህ የቀረቡት ቁጥሮች የስሌት መነሻ ናቸውና መጽናት ያለባቸው በሐይቁ ላይ ነው። ገመዱ በደንገሉ ላይ የት ቢታሠር ጥፍሩን እንደማይፈታው ከታንኳ ሠሪዎቹ ጋር ተቀምጦ መማከር ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ መምህራኑ እነርሱ ናቸው። በየወደቡ ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ የሚሰቀል የጨርቅ ነፋስ አመልካችም ወደ ውኃ የሚገባ ሰው ከመሄዱ በፊት የመመለሻውን ሒሳብ እንዲያስብ ያስገድደዋል።

መሐንዲስ ችግር በገጠመው ቁጥር ተጨማሪ ኃይል ማሰቡ የሙያው ልማድ ነው፤ ከፍ ያለ ሞተር፣ ወፍራም ብረት፣ ሰፊ ግድብ። የታንኳውና የመንጠቆው ነገር የሚያሳየው ግን አንዳንድ ጊዜ ኃይሉ ቀድሞውኑ በቦታው እንዳለ፣ የጎደለውም መግቻው ብቻ እንደሆነ ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ አፍ ያለው የሸራ ከረጢት ሰውን ከማዕበል፣ ዓሣውንም ከወንዝ አፍ መረብ ለማዳን የበኩሉን ሊያደርግ ከቻለ፣ ከማኅበሩ አባላት አንድ ሁለቱ ጊዜያቸውን ቢሰጡት የሚያስቆጭ አይሆንም።